ርችቱን ቆልፉ ስትሉ ሳጥኑን ነው ወይስ ክፍሉን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቤት ውስጥ ርችት ስለማስቀመጥ ያወጣችሁትን አጭር ምክር አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ራሱ ደግ ነው። ሰው ርችት እንዴት እንደሚተኮስ ይጠይቃል እንጂ እስከዚያው የት እንደሚያድር ብዙም አይጠይቅም።

ምክራችሁ ደረቅ ቦታ ይሁን፣ ከእሳት ይራቅ፣ ልጆች አይድረሱበት ይላል። እዚህ ድረስ እስማማለሁ። የመጨረሻው መስመር ላይ ግን ቆምኩ። «በጠንካራ የብረት ሳጥን ውስጥ ጥርቅም አድርጎ መቆለፍ» ይላል። ይህቺን መስመር እባካችሁ አንሷት። ደብዳቤውን የጻፍኩት በእሷ ምክንያት ነው። ሌላው ሁሉ ጨዋታው ሲያመጣው የመጣ ነው።

እኔ ኬሚስት አይደለሁም። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በስቶር ኪፐርነት ነው። ቀለም፣ አሲድ፣ ቲነር፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ አንዳንዴም ርችት በእጄ አልፏል። የስቶር ሰው ዕቃውን ከመንካቱ በፊት ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ያነባል። ጡረታ ብወጣም ይህ አመል አልለቀቀኝም። ሰው ቤት ገብቼ እንኳ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ጥግ ላይ ወደተደረደረው ካርቶን ነው። ባለቤቴ በዚህ ነገር ትስቅብኛለች።

ከሁሉ በፊት የሕጉ ነገር። ርችት ቤት ማስቀመጥ ይፈቀዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም አገር የሚሠራ አንድ መልስ የለም። ጨርሶ የተከለከለበት ቦታ አለ። በፈቃድ ብቻ የሚያዝበት አለ። ጥቂቱ ያለፈቃድ የሚያዝበትም አለ። በአሜሪካ ለምሳሌ ግዛት ከግዛት ይለያያል፤ አንዳንዴ በአንዱ ግዛት ውስጥ ከተማ ከከተማ ይለያያል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ሳይገዙ በፊት የአካባቢውን የእሳት አደጋ መከላከያ ወይም ፖሊስ መጠየቅ ነው። «ሻጩ ችግር የለውም ብሎኛል» የሚለው አይሠራም። ሻጩ የሚያውቀው መሸጥ መፈቀዱን ነው፤ የገዢውን ቤት አያውቀውም። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ የኪራይ ውላችሁን እዩ። ቤቱ ኢንሹራንስ ካለው የኢንሹራንሱንም ወረቀት አንብቡ። ስለፈንጂ ነገር የሚያወሳ መስመር ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ የሚነበበው ግን ከቃጠሎው በኋላ ነው።

ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ሁለት ነገር ይቆጠራል፤ ክብደትና ጊዜ። እንግሊዝን ልውሰድ። እዚያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 የወጣው የፈንጂዎች ደንብ ለራሱ መተኮሻ የገዛ፣ የማይነግድ ሰው ዝቅተኛ አደጋ ያለውን ርችት እስከ 50 ኪሎ ድረስ ለ21 ቀን ያለፈቃድ እንዲያስቀምጥ ይፈቅድለታል። ቦታው ግን ደህንነቱ የተጠበቀና ተስማሚ መሆን አለበት። 50 ኪሎው የካርቶኑ ክብደት አይደለም። ወረቀቱ፣ ቱቦው፣ ጭቃውና ፕላስቲኩ ተቀንሶ የሚቀረው የሚቀጣጠለው ዱቄት ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት የተሠራ ርችት ይህ የተጣራ ክብደት ጥቅሉ ላይ ይጻፍበታል። ካልተጻፈበትስ? በአሜሪካ የእሳት ደህንነት ደንብ ግምቱ የጠቅላላ ክብደቱ ሩብ ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ካርቶን ካላችሁ ውስጡ 3 ኪሎ ያህል ዱቄት አለ ብላችሁ ያዙት።

3 ኪሎ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ሕጉ ፈቀደ ማለት ደግሞ ቤታችሁ ይችለዋል ማለት አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ ለአንድ ምሽት የሚበቃውን ያህል፣ በዚያው ሳምንት ገዝቶ በዚያው ሳምንት መጨረስ ነው። በርካሽ አገኘሁ ብሎ ለመጪው ዓመት ማከማቸት አልወድም። ርችት ጤፍ አይደለም፤ ሲቆይ ዋጋው ቢጨምር እንኳ ጠባዩ ይበላሻል።

አሁን ወደ ብረት ሳጥኑ።

የርችት ካርቶን ላይ ብርቱካናማ፣ በማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ምልክት ታያላችሁ። ለተራው ሕዝብ የሚሸጠው አብዛኛው ርችት እዚያ ላይ 1.4 የሚል ቁጥርና ጂ የሚል ፊደል አለበት። አጠገቡም 0336 የሚል ቁጥር ይኖራል፤ ይህ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የተባበሩት መንግሥታት መለያ ነው። ለባለሙያ ትርኢት የሚሆነው ከበድ ያለው ርችት 1.3 ይባላል፤ መለያው 0335 ነው። ይህኛው ቤት አይገባም፤ ርካሽ ነው ተብሎ ቢመጣም አይገባም። ምልክቱ የሌለበት፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ቤት ውስጥ የተቀመመ ደግሞ ጭራሽ አጠገቡ አትድረሱ።

1.4 ማለት በአጭሩ፣ ጥቅሉ ቢቀጣጠል አደጋው ባመዛኙ እዚያው አካባቢ ይቀራል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይፈነዳም ማለት ነው። ግን ይህ ምስክርነት የተሰጠው ለምንድን ነው? ለማጓጓዣ ለታሸገው ካርቶን ነው። ፍተሻው የሚደረገው በጥቅሉ ላይ ነው። ጥቅሉ ውስጥ አንዱን አቀጣጥለው ሌላው ይከተል እንደሆነ ያያሉ። ጥቅሎቹን ደርድረው እሳት ላይ ያቃጥላሉ። የወጣው ውጤት ተለጥፎ ይመጣል። እናንተ ርችቱን ከካርቶኑ አውጥታችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ስታዛውሩት ያ ምስክርነት አብሯችሁ አይዛወርም። በሌላ ዕቃ፣ በሌላ አደራደር፣ ማንም ያልፈተሸው ሌላ ነገር ሆኗል።

የእህቴ ልጅ አንድ ቀን መጥቶ «ጋሼ፣ ካርቶኑ ቦታ ፈጀብኝ፤ አውጥቼ በዚያ በአሮጌው የብረት ሣጥን ውስጥ ብጠቀጥቀውስ?» አለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ብረት አይቃጠልም፣ ስለዚህ ብረት ደህና ነው ብሎ ነው። ጋዜጣችሁም ያሰበው እንደዚሁ ይመስለኛል።

ችግሩ ርችት እንደ ወረቀት ወይም እንደ ጨርቅ አለመቃጠሉ ነው። ወረቀት ዝግ ሣጥን ውስጥ ቢቀጣጠል አየሩ ያልቅና ይጠፋል። ርችቱ ውስጥ ያለው ባሩድ ግን አየሩን ይዞት ነው የሚመጣው። የተለመደው ጥቁር ባሩድ 75 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። ናይትሬቱ ኦክስጅን ይሰጣል። ስለዚህ ጥርቅም ያለ ሣጥን እሳቱን አያፍነውም። የሚያፍነው ጋዙን ነው። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ሲጨምር ቃጠሎው ይፈጥናል። ቃጠሎው ሲፈጥን ደግሞ ጋዙ ይበዛል። ሜዳ ላይ ተበትኖ ፍሽ ብሎ የሚያልቀው ዱቄት ጠንካራ ብረት ውስጥ ቦምብ ይሆናል። ሣጥኑ በጠነከረ ቁጥር ሲበጠስ የሚወረውረው ስብርባሪ የከፋ ነው። ሰውን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ይኸው ብረት ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በግንቦት 2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኔዘርላንድስ ኤንስሄዴ ከተማ፣ በመኖሪያ ሰፈር መካከል የነበረ የርችት መጋዘን ተቃጥሎ ፈነዳ። 23 ሰው ሞተ። 4ቱ እሳት ሊያጠፉ የገቡ ሠራተኞች ነበሩ። ወደ 950 ሰው ቆሰለ፤ የሰፈሩ ቤቶች በመቶዎች ወደሙ። ርችቱ የተከማቸው በኮንክሪት ክፍሎችና በብረት ኮንቴይነሮች ውስጥ ነበር። ውስጡም ፈቃዱ ከሚለው ከፍ ያለ አደጋ ያለው ርችት ተገኝቷል። እርግጥ ያ ቶን በቶን የተከማቸ መጋዘን ነው፤ የእኛ አንድ ካርቶን ነው። መታፈን የሚሠራው ሥራ ግን በመጋዘንም በሣጥንም ያው ነው።

ሌላው በሎስ አንጀለስ የሆነው ነው። ሰኔ 2021 መጨረሻ ላይ፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ ፖሊስ አንድ መኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ በቶን የሚቆጠር ርችት አገኘ። ከመካከሉ በእጅ የተሠሩ ነበሩበት። እነሱን ለማጓጓዝ ያሰጋል ተብሎ እዚያው መንገድ ላይ፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ መኪና ላይ ባለ ወፍራም ብረት ጋን ውስጥ ሊያፈነዷቸው ወሰኑ። ክብደቱን በሚዛን አላዩትም፤ ገመቱት። ጋኑ ከሚችለው በላይ ሆነና ተበጣጠሰ። 17 ሰው ተጎዳ፤ ቤቶች ፈራረሱ። ለፍንዳታ ተብሎ የተሠራ ብረት እንዲህ ከሆነ፣ ልብስ ይቀመጥበት የነበረ ሣጥን ምን ያህል ይሆናል?

«በሌሎች አገሮች መመሪያ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይላል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ያ ግን ለመተኮሻው ሰዓት ነው። ሜዳ ላይ አንዱ ሲተኮስ ፍንጣሪው ወደ ቀሪው እንዳይገባ ይከደናል። ክዳኑ ለቀቅ ያለ ነው፤ ግፊት ሲመጣ ተነስቶ ይሄዳል። ተቆልፎ ሳምንታት ከሚያድር ወፍራም ብረት ጋር አንድ አይደለም።

ታዲያ ልጆችስ? እናንተ ቆልፉ ያላችሁት ለእነሱ ብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። የሚቆለፈው በሩ ይሁን። ርችቱ በራሱ ካርቶን ይቀመጥ። ካርቶኑ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ በሚቆለፍ ክፍል ወይም በሚቆለፍ የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን። ቁልፉ አንድ አዋቂ ጋ ይያዝ። ክብሪቱና ላይተሩ እዚያው ክፍል አይቀመጡ። በጣም ቀላል ነገር ነው፤ ግን ሰው «አብሮ ይሁን፣ ያኔ እንዳልፈልገው» ብሎ ላይተሩን ካርቶኑ ላይ ጣል ሲያደርግ ስንቴ አይቻለሁ።

የት ክፍል የሚለው ላይ ክርክር አለ። የተሻለው ሰው ከማይተኛበት፣ ከዋናው ቤት ተነጥሎ የቆመ ደረቅ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ይህ የለውም። የሌለው ሰው ቢያንስ መውጫውን አይዝጋ። ከደረጃ ሥር፣ ኮሪደር ላይ፣ በር አጠገብ፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከአልጋ ሥር አይሆንም። አልጋ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው የለም እንዳትሉኝ፤ ብዙ ነው። እሳት ሲነሳ ሁሉም የሚሮጠው ወደ በሩ ነው፤ ርችቱ እዚያው ከሆነ ማን ይወጣል? ጋራዥም ብዙዎች የሚያስቡትን ያህል ጥሩ አይደለም። ነዳጅ አለ፣ ቀለምና ቲነር አለ፣ ጀነሬተር አለ፣ ባትሪ ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬት አለ። ማብሰያ ጋዝ ያለበት ክፍልም ያው ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ኮርኒስ ፀሐይ ስትከር ምን እንደሚሆን ገብቶ ያየ ያውቀዋል። የመኪና የኋላ ኮፈንም ማከማቻ አይደለም፤ ከሱቅ ቤት ማድረሻ ብቻ ይሁን። አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው የእኔ ምክር አጭር ነው። ባያመጣው ይሻላል። ከላይና ከታች የሚኖረው ጎረቤት አልተጠየቀም።

በረንዳስ ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ከሆነ፣ በረንዳ ፀሐይም ዝናብም ነው። ከላይ የተጣለ የሲጋራ ቁራጭም የሚያርፈው እዚያ ነው።

ስለ እርጥበት ትንሽ ልበል፤ እዚህ ላይ ሰው የሚሠራው ሥራ ያስደነግጠኛል። ርችት እርጥበት ከነካው ተበላሸ። ይደርቃል፣ አዎ። ደርቆ ግን ያው አይሆንም። ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ይሰነጠቃል፣ ቦታውን ይለቃል። ወደ ላይ የሚገፋው ክፍል ከደከመ ርችቱ ሰማይ ሳይደርስ ሰው መካከል ይፈነዳል። አንድ ጎረቤቴ የረጠበውን ርችት ምድጃ አጠገብ ደርድሮ ሊያደርቅ ሲል ደርሼበታለሁ። «ፀሐይ የለም እኮ» አለኝ። ያንን ቀን እሱም አይረሳው፤ እኔም ምን ብዬ እንደተናገርኩት አልደግመውም። የረጠበ ርችት አያደርቁትም፤ ያስወግዱታል። ማስወገዱ ደግሞ በቂ ውሃ ነው። ክፍት ባልዲ ውስጥ፣ ደጅ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቢያንስ ሌሊቱን ይደር። ግማሽ ረጥቦ ላስቲክ ውስጥ ታስሮ የተጣለ ክምር መጥፎ ነው፤ በአንዳንዱ ርችት ውስጥ ያለው የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ዱቄት ከእርጥበት ጋር ይሞቃል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚጣል የአካባቢያችሁን ቆሻሻ ሰብሳቢ ጠይቁ። እሳት ውስጥ አትወርውሩት፤ አትቅበሩትም።

ተለኩሶ ያልፈነዳውም ወደ ቤት አይመለስም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይነካ ይቆይ፣ ከዚያ ውሃ ይሞላበት። «ነገ ደግሜ እሞክረዋለሁ» ብሎ ወደ ካርቶኑ መመለስ የለም። ካርቶኑ ውስጥ የሚኖረው ያልተነካ ርችት ብቻ ነው። የተረፈ ደህና ርችት ካለ በነበረበት ቦታ ይመለስ። ማቀጣጠያ ክሩ ላይ ያለው መሸፈኛ ካልወለቀ አታውልቁት። ቱቦዎቹ አይተኙ፣ አይጨፍለቁ፣ ከባድ ዕቃ አይጫንባቸው። ተቀዶ ዱቄት የፈሰሰበት ካያችሁ መጥረጊያ ይዛችሁ አትግቡ። የኤሌክትሪክ መጥረጊያማ ጨርሶ አይታሰብም። በውሃ በደንብ የራሰ ጨርቅ ይበቃዋል።

ስለ ብልጭታ ዘንጎቹ፣ ማለትም ልጆች በእጃቸው ይዘው ስለሚያወዛውዟቸው፣ ጋዜጣችሁ ምንም አላለም። ሰው እነሱን ከርችት አይቆጥራቸውም። መሳቢያ ውስጥ ከሻማ ጋር ያስቀምጣቸዋል። ሲነዱ ግን ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳሉ። አንድ ፓኬት በአንድ ላይ ከተቀጣጠለ የአንዱ እሳት ሲባዛ አይደለም የሚያዩት፤ ሌላ ነገር ነው። በላስቲክ ወይም በፕላስተር አንድ ላይ ማሰር ጭራሽ ነውር ነው። ከሌላው ርችት ጋር በየካርቶናቸው ይቀመጡ።

እሳት ቢነሳስ? እዚህ ላይ የሰው ልብ ይፈተናል። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ስላለኝ አጠፋዋለሁ ይላል። ሌላ ነገር እየነደደ ርችቱ ጋ ገና ካልደረሰና እሳቱ ትንሽ ከሆነ ይሞክር። ርችቱ ራሱ ከተያያዘ ግን ነገሩ አልቋል። የሲሊንደሩ ጋዝ የሚያጠፋው አየር በማሳጣት ነው፤ ርችት ደግሞ የውጭ አየር አይፈልግም። የሲሊንደሩ ዱቄትም አይበቃውም። ሰዉን ይዞ መውጣት፣ በሩን ዘግቶ መራቅ፣ ለእሳት አደጋ መደወል። ሲደወል መጀመሪያ የሚነገረው «ቤቱ ውስጥ ርችት አለ፣ ይህን ያህል ነው፣ እዚህ ክፍል ነው» የሚለው ነው። ያለፈቃድ ያስቀመጠ ሰው ይህን ለመናገር ይፈራል። ዝም ቢል የሚገባው እሳት አጥፊ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። እኔ በስቶር ሥራዬ ጊዜ በር ላይ ውስጥ ያለውን የሚገልጽ ወረቀት ሳይለጠፍ ቁልፍ አልቀበልም ነበር። አንዳንዱ አለቃ ግትር ይለኝ ነበር። ይበለኝ።

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የብረት ሣጥኑን ምክር አርሙ። በእሱ ቦታ «በራሱ ካርቶን ይቆይ፣ ክፍሉ ይቆለፍ» በሉ። ከሥሩ የእሳት አደጋ መከላከያውን ስልክ አትሙ። የምታወጡትም ሰው ከመግዛቱ በፊት ይሁን፤ ከገዛ በኋላ ካርቶኑን ቀዶት ነው ጋዜጣውን የሚያነበው። እርማቱን ደግሞ የሟች ማስታወቂያና የጠፋ መታወቂያ መካከል በደቃቅ ፊደል እንዳትወትፉት። የመጀመሪያው ምክር በወጣበት ገጽ፣ በዚያው ፊደል ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ ስቶር ኪፐር